ትንበያው ሦስት ጊዜ ተቀየረ፤ ጤፉ ግን የታጨደው አንዴ ነው

ከቱሉ ዲምቱ ወደ ዱከም ሲወጡ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ ኮንዶሚኒየሙ ያልቅና ጤፉ ይጀምራል። አራተኛ ፎቅ ላይ ልብስ የሚያሰጣ ሰው ቁልቁል ሲመለከት የሚያየው ማሳ ነው። እኔ ከኮንዶሚኒየሙ ወገን ነኝ። አጎቴ ከማሳው ወገን ነው። በመካከላችን ያለው በባጃጅ ሃያ ደቂቃ ነው። በስልክ ከሆነ ደግሞ አንድ ጥሪ።

የምጽፈው ስለ አንድ ኅዳር ነው። ከኅዳር 7 እስከ ኅዳር 13 ባለው ጊዜ ውስጥ የአየር ትንበያው ሦስት ጊዜ ተገለባበጠ። እኔም እያንዳንዱን ግልብጥብጥ ሳላሳድር ለአጎቴ እያደረስኩ ነበር። ጥፋተኛ ካስፈለገ አንዷ እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር።

አጎቴ ያን ዓመት ጤፍ የዘራው አራት ጥማድ ላይ ነበር፤ አንድ ሄክታር ገደማ። ሁለቱ ጥማድ ታችኛው ማሳ ነው። ነጭ ጤፍ፣ በደህና ዓመት ማኛ ተብሎ የሚሸጠው። ሌላው ሁለት ጥማድ ላይኛው ማሳ ነው፤ ዘግይቶ የተዘራና ገና አረንጓዴው ያለቀቀው። አፈሩ የአቃቂ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው፣ መረሬ የሚሉት። በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ ሲረጥብ ጫማ ይዞ ያስቀራል። እንዲህ ያለ መሬት ላይ ጤፍ ዘግይቶ ነው የሚዘራው፤ ሐምሌ ሲያልቅ፣ አንዳንዴም ነሐሴ ውስጥ። ስለዚህ የሚደርሰው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው።

በደህናው ጊዜ ኅዳር ለአጨዳ የተፈጠረ ወር ነው። ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከዓረብ ምድር በኩል፣ ደርቆ ይመጣል። ሰማዩ ጥርት ይላል። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ አንዳንዴም ውርጭ ይጥላል። ችግሩ ይህ ልማድ አንዳንድ ዓመት ይፈርሳል። በ2012 በጋ የሕንድ ውቅያኖስ በእኛ ወገን ከወትሮው በላይ ሞቆ ስለነበር ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ዝናቡ አላቋርጥ አለ። የአንበጣው ዓመት ነው፤ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በ2016 ደግሞ ያው የውቅያኖስ ሙቀት ከኤልኒኖ ጋር ተዳብሎ መጣ። አጎቴ በ2012 ላይ ትንሽ ጤፍ ቆሞ በስብሶበታል። ከዚያ ወዲህ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ሳያጭድ ዝናብ እንዳይቀድመው። ይህ ፍርሃት ኋላ ላይ የሠራውን ሥራ ታያላችሁ።

ኅዳር 7 ማታ ስልኬን ከፈትኩ። የአየር ጠባይ የሚያሳየው መተግበሪያ ኅዳር 13 እና 14 ላይ ደመናና ጠብታ ስሏል። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው።»

«መቼ?»

«በሚካኤል ማግስት።»

ትንሽ ዝም አለ። «አንቺ ነሽ ያልሽው ስልኩ?»

«ስልኩ።»

«ሬዲዮውስ ምን ይላል?»

ሬዲዮው የአሥር ቀኑን ትንበያ አንብቦ ነበር። በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል «በጥቂት ቦታዎች ላይ» ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ሊኖር ይችላል ነው ያለው። ይህ አነጋገር ሰውን አያረካም። ጥቂቶቹ ቦታዎች የትኞቹ ናቸው? ስልኬ ግን ቀን ቆርጦ ነግሮኛል። እኔም ቀን ቆርጦ የሚናገረውን አመንኩ።

የአጎቴ ሒሳብ ቀላል ነበር። ኅዳር 12 ሚካኤል ነው፤ ማጭድ የሚነካ የለም። ስለዚህ ታችኛው ማሳ እስከ 11 ማለቅ አለበት። ለዚህ ስምንት አጫጅ ለሁለት ቀን ያስፈልጋል። በማግስቱ በጠዋት ወጥቶ ስምንት ሰው አነጋገረ፤ ተስማሙ።

እነሱ ሲስማሙ እኔ ቢሮ ሆኜ ስልኬን አየሁ። ዝናቡ ወደ 15 እና 16 ሸሽቷል። ደስ ብሎኝ ደወልኩ። አጎቴም ደስ አለው። ጤፉ ሁለት ሦስት ቀን ቢያገኝ ላይኛውም ይደርሳል፣ ሁለቱን ማሳ በአንድ ጊዜ ያነሳል። አጫጆቹን «ከሚካኤል በኋላ ኑ» አላቸው። እነሱ ደግሞ ሥራ አይጠብቁም፤ ከምሳ በፊት ጎረቤቱ ማሳ ላይ ነበሩ። የተከፋችው አክስቴ ብቻ ናት። የገና ጾም 15 ይገባል። ከጾሙ በፊት ለአጫጅ የሚቀርበው ሌላ፣ ከጾሙ በኋላ የሚቀርበው ሌላ፤ ዝግጅቷ ተበላሸባት። ከእኛ ሁሉ የተሻለ የቀን መቁጠሪያ የነበራት እሷ መሆኗ የገባኝ ኋላ ነው።

ኅዳር 9 ማታ ትንበያው ተመልሶ መጣ። ከሚካኤል ሌሊት ጀምሮ እስከ 13 ድረስ፣ 18 ሚሊ ሜትር። ከመጀመሪያውም ይብስ። ደወልኩ። አሁን አጎቴ ጥያቄ አልጠየቀም። በዚያው ማታ ባትሪ ይዞ አጫጅ ፍለጋ ወጣ። የቀን ሠራተኛው ግማሹ የሕንፃ ሥራ ላይ ነው፤ ከተማው እየቀረበ ሲመጣ ማጭድና አካፋ ለአንድ ወጣት ይሻማሉ። ስምንት ሰው አገኘ፤ በሰው በቀን 150 ብር ጨምሮ።

ኅዳር 10 እና 11 ታችኛው ማሳ ታጨደ። 11 ጠዋት ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ። አጨዳው የሚጀመረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ጤዛው ሳይነሣ። ፀሐይ ካገኘው የደረሰ ጤፍ ይረግፋል። አንድ ግራም ውስጥ ከ2,000 በላይ ፍሬ የሚገባበት እህል ነው፤ መሬት ከወደቀ የሚለቅመው የለም። ግራ እጅ ይጨብጣል፣ ቀኝ እጅ በማጭድ ይስባል፣ የታጨደው ከኋላ እየተነጠፈ ይቀራል። ድምፁ ጨርቅ ሲቀደድ ይመስላል። እኔም ሞከርኩ። አንድ መስመር ሳልጨርስ ወገቤ አልቀና አለኝ፤ ውሃ ማቀበል ተመደብኩ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

የታጨደ ጤፍ ወዲያው አይከመርም። ግንዱ እርጥበት አለው፤ እንዲህ እንዳለ ቢከመር ክምሩ ውስጡ ይግላል፣ ይሻግታል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን መሬት ላይ ተነጥፎ ፀሐይ ይመታዋል። ከዚያ ነዶ ይታሰራል፣ ይከመራል፣ ሲደርስ አውድማ ወርዶ ይወቃል። በደንብ የተከመረ ጤፍ ዝናብ ብዙም አያስፈራውም። አናቱ ሾል ብሎ ከተሠራ ውሃው በጎን ይወርዳል፣ የሚርሰው የላይኛው ገለባ ነው። ያልታጨደ ጤፍም ቢሆን አንድ ዝናብ ይችላል። ይተኛል፣ ፀሐይ ሲወጣ ግማሹ ቀና ይላል። የማይችለው መሃል ያለው ነው፤ ታጭዶ መሬት ላይ የተነጠፈው።

ባቱ፣ በድሮ ስሟ ዝዋይ፣ የወይን እርሻ ላይ የሚሠራ የድሮ የክፍል ጓደኛ አለኝ። ይህን ታሪክ ስነግረው የገረመው የኛ ነገር ተገላቢጦሽ መሆኑ ነው። ወይን ሊለቀም ሲል ዝናብ ከመጣ ፍሬው ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ሻጋታ ይገባዋል፣ ስኳሩም ይቀጥናል። ስለዚህ ትንበያው ዝናብ ሲል የወይን ሰው ጭንቀቱ «ስኳሩ እስኪሞላ ልጠብቅ ወይስ አሁን ልልቀም?» ነው። ከለቀመ ግን ተገላገለ። ወይኑ ሳይውል ሳያድር ወደ መጭመቂያው ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ሰማዩ የፈለገውን ይሁን። የጤፍ ሰው አደጋው የሚብሰው ካጨደ በኋላ ነው። እኛ «ዝናብ ሊመጣ ነው» ሲባል ለማምለጥ ብለን ያደረግነው፣ ጤፉን ከሚችልበት አውጥተን ወደማይችልበት ማስገባት ነበር። የ2012 ፍርሃት አጎቴን ወደ ማጭዱ ገፋው። እኔ ደግሞ ከኋላ ሆኜ ስልክ እደውላለሁ።

ያም ሆኖ መውጫ ነበረ። ኅዳር 11 ከሰዓት አጫጆቹ ገና እዚያው ነበሩ። አጎቴ ሐሳቡ የተነጠፈውን ጤፍ እንደ ነገሩም ቢሆን ሰብስበው በትንንሽ ቁልል አድርገው ላስቲክ እንዲጥሉበት ነበር። ሙሉ በሙሉ ባይደርቅም ለሁለት ሌሊት አይሻግትም። ልጁን ላስቲክ እንዲያመጣ ልኮት ነበር።

በዚያው ሰዓት ስልኬን አየሁ። ዝናቡ ጠፍቷል። ደመናው ተነሥቶ ፀሐይ ተቀምጣለች። 12 ዜሮ፣ 13 ዜሮ፣ 14 ዜሮ።

«ጋሼ፣ ቀርቷል።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ። ዜሮ ነው የሚለው።»

«ተመስገን።» አጫጆቹን ሒሳባቸውን ከፍሎ ሸኘ። ላስቲኩ ከጎረቤት ግቢ ሳይወጣ ቀረ። ጤፉ እንደተነጠፈ አደረ።

ከአራቱ ጥሪዎቼ ብዙ ያስከፈለን ይህ ነው። ሌሎቹ ገንዘብና ድካም በሉ። ይህኛው ግን በእጃችን የነበረውን መድን አስጣለን። ደግሞ የምሥራች ስለነበር ማንም አልተጠራጠረውም።

በማግስቱ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ኅዳር የሚታጠንበት ቀን። ከተማው ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል። በ1911 የኅዳር በሽታ ጊዜ የተጀመረ ነው ይባላል። በጠዋት ከሰገነቴ ሳይ ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር። ከሰዓት ላይ ግን ሁሉም ጭስ ወደ እንጦጦ ተጋድሟል። አይቼ አለፍኩት፤ ዓይኔን አቃጠለኝ ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ። አጎቴም ያንኑ ጭስ አይቷል። እሱ ግን የገባው ነገር ነበር። ነፋሱ ከደቡብ ዞሯል፣ ደቡብ ደግሞ በኅዳር እርጥበት ይዞ ነው የሚመጣ። ለምን አልደወልክልኝም ስለው፣ «አንቺ ዜሮ ነው ስትዪኝ እኔ ጭስ አየሁ ልበልሽ?» አለኝ። ይህች መልስ እስከ ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች።

ኅዳር 13 ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ዘነበ። አርባ ደቂቃ ያህል። ዶፍ ነው እንጂ ካፊያ አይደለም። ከዚያ ቆመ፣ ፀሐይ ወጣች፣ ቀስተ ደመናም ነበር። ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ የማይርቅ ሌላ ዘመዳችን ማሳ ላይ ጠብ አላለም። አቧራው እንዳለ ነው።

ወደ ታችኛው ማሳ የገባነው በማግስቱ ነው፤ በዚያው ቀን እግር አያስገባም ነበር። ጤፉ ከጭቃው ጋር ተጣብቋል። አንዱን ጭብጥ ሳነሣው ከሥሩ የጥቁር አፈር ቅርፊት ይዞ ተነሣ፣ ከላይ ያለው ፍሬ ደግሞ ጣቴ ላይ ቀረ። ሦስት ቀን ሙሉ አገላበጥን። አጎቴ፣ አክስቴ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤት፣ እኔም ከቢሮ ስወጣ። የላይኛው ወገን በአንድ ቀን ደረቀ። ከመሬት የተጣበቀው ግን ጠቆር ማለት ጀመረ፤ አንዳንዱ ጫፉ ላይ ነጭ ክር የመሰለ ነገር አወጣ፣ ሊበቅል ነው። ላይኛው ማሳ፣ ያልታጨደው፣ ተኝቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን አብዛኛው ቀና ብሎ አገኘነው።

ትንበያው ለምን እንዲህ ዋለለ? ስልክ ላይ የምናየው ቁጥር ሰው ተቀምጦ ያወጣው አይደለም። በዓለም ላይ ያሉ ጥቂት ትልልቅ ማዕከላት በኮምፒውተር የሚያሰሉት ነው። ስሌቱ በየስድስት ሰዓቱ በአዲስ መረጃ እንደገና ይሠራል፤ ስልኩም አዲሱን ተቀብሎ የቀድሞውን ያጠፋል። ትናንት ምን ብሎ እንደነበር አይነግራችሁም። የአውሮፓው ማዕከል መነሻውን ትንሽ ትንሽ እየለዋወጠ 51 ጊዜ ያሰላዋል። ሃያው ዝናብ፣ ሠላሳ አንዱ ደረቅ ሊሉ ይችላሉ። በማግስቱ ሃያ ስድስት ለሃያ አምስት ይሆናል። ለባለሙያው ይህ ትንሽ ለውጥ ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ደመናው ተነሥቶ ፀሐይ ይቀመጣል።

ሌላው ደግሞ ቦታው ነው። ስልኬ ላይ የተጻፈው «አዲስ አበባ» ነበር። የቱ አዲስ አበባ? እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የአጎቴ ማሳ 2,100 አካባቢ። ስሌቱ ምድርን በካሬ ይከፋፍላል፤ በጥሩው ስሌት እንኳ አንዱ ካሬ ወደ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ጎን አለው። የኅዳር ዝናብ ደግሞ እንደ ሐምሌው አገር የሚያዳርስ አይደለም። እዚህ ወርዶ እዚያ ይተዋል። የእኛ ማሳና የዘመዳችን ማሳ ለስሌቱ አንድ ናቸው፤ ለዝናቡ ግን አልነበሩም። ሬዲዮው «በጥቂት ቦታዎች ላይ» ያለው ይህንኑ ነው። ያላረካኝ አነጋገር ትክክለኛው አነጋገር ነበር። የኢትዮጵያ ሚቲዮሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ ሲነበብ ሰው ይስቃል፤ «ሊዘንብም ላይዘንብም ይችላል» እያለ ይቀልዳል። እኔም እቀልድ ነበር።

ጤፉ ታኅሣሥ ውስጥ ተወቃ። ከታችኛው ማሳ ዘጠኝ ኩንታል ገባ፤ አጎቴ አሥር ጠብቆ ነበር። በመጠን የጠፋው ብዙ አይደለም። የተበላሸው መልኩ ነው። ሰባቱን ኩንታል ጭነን እህል በረንዳ ወሰድን።

ነጋዴው ጆንያውን ከላይ አላየም። ክንዱን እስከ ክርኑ አስገብቶ ከመሃል ዘገነ። መዳፉ ላይ ዘርግቶ ወደ ብርሃኑ ዞረ፣ እፍ አለበት፣ በአውራ ጣቱ አሸው፣ አሸተተው። ከዚያ ጥቂት ፍሬ ጥርሱ መሃል አድርጎ ጠርቀም አደረጋት።

«ይሄ ዝናብ መትቶታል።»

አጎቴ ሳያፍር፣ «አንድ ቀን ካፊያ ነገር ነክቶት ነው» አለ።

«እኔ ስንት ቀን ነው አላልኩም።»

በኩንታል ከማኛው ዋጋ 1,800 ብር ዝቅ አድርጎ ወሰደው። በሰባት ኩንታል 12,600 ብር። ለአጫጆቹ የተጨመረው 2,400 ብር ለብቻው ነው። ጭዱም ጠቁሮ ስለነበር ለጭቃ ቤት ካልሆነ የሚፈልገው ጠፋ፤ ላሞቹ አሽትተው ፊታቸውን አዞሩ። ላይኛው ማሳ፣ ያ ዘግይቶ የተዘራው፣ ሰርገኛ ሆኖ በሰርገኛ ዋጋ ተሸጠ፤ እንደታሰበው።

በሚቀጥለው ዓመት አጎቴ ሁለት ሸራ ገዛ። ከዚያ በላይ ግን የለወጠው አጨዳውን ነው። ሙሉ ማሳ በሁለት ቀን መጣሉን ተወ። በቀን የሚታጨደው፣ ሰማዩ ቢጠቁር በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰብስቦ ሸራ ሊጥልበት የሚችለውን ያህል ነው። ሥራው ዘገየ፤ ከደረሰው ጥቂቱ እየረገፈ ቀረ። አጎቴ አውቆ የገባበት ነው። እኔ ደግሞ በቀን ሦስቴ መደወል ተከለከልኩ። ማታ አንዴ ብቻ። የምጠየቀውም ተቀይሯል።

«ትናንት ያለውን አለ?»

«አዎ።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

«ተቀይሯል።»

«እንግዲያው ገና ነው።»

ሦስት ማታ ያልተቀየረ ትንበያ ለእሱ ትንበያ ነው። ከዚያ በታች ያለው ወሬ ነው። ባለሙያ ቢሰማው፣ ሳይለዋወጥ መቆየት ትክክል መሆንን አያረጋግጥም ይለው ነበር፤ እውነቱን ነው። ግን አጎቴ በዚህ መለኪያ የሚወስነው ማጨድ አለማጨድን ብቻ ነው። ሸራው በማንኛውም ትንበያ ማሳው ዳር ተጣጥፎ ይውላል፤ ዜሮ ቢባልም። ኅዳር ሲታጠን ደግሞ እኔም ጭሱን አያለሁ፤ ወዴት እንደዞረ እነግረዋለሁ። ይህን ጥሪ አልከለከለኝም።

ሳይሸጥ ከቀረው ሁለት ኩንታል ግማሹን ለእኔ ሰጠኝ። ያን ዓመት ሙሉ ምሳ ዕቃዬን ቢሮ ስከፍት አንዷ የሥራ ባልደረባዬ እንጀራውን ታየውና «ሰርገኛ ነው የምትበዪው?» ትለኛለች።

«አይ» እላታለሁ፣ «ማኛ ነበር።»